ጎን ለጎን ያልከፈትናቸው ሁለት ወረቀቶች

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ሥራችን ይበቃል። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ደሴ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማመልከቻ በኮምፒውተር የምጽፍ፣ ኮፒም የማነሳ ሰው። ሁለተኛዋ የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ኮምቦልቻ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የሙከራ ጊዜዋን ትሠራ ነበር። ሦስተኛዋ ሚስቴ ናት፤ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፣ ነገሩ ግን ከእኔ ቀድሞ የገባት እሷ ናት። አራተኛዋ የትራንዚት ቢሮው ባለቤት ናት፤ ከውጭ የገባ ዕቃ ከደረቅ ወደብ እንዲወጣ ወረቀት የምታዘጋጅ፣ ከልጄ በቀር አንድ ሠራተኛ ብቻ ያላት ሴት። አምስተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የቢስቲማ ሰው፣ ምንም ሳያጠፋ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ።

የልጄ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ወይ ትቀጠራለች ወይ ወደ ቤት ትመለሳለች። ዲፕሎማዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች፤ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከእኔ ነውና። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ታይፕ መምታት የተማርኩት ከአንድ ሽማግሌ ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጬ ጣታቸውን በማየት ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ያገለገለ ገዝቼ፣ እያበላሸሁ እያስተካከልኩ ለመድኩት። ያ ማሽን አቅም አልነበረውም። ሁለት ነገር ከከፈቱበት ይደርቃል፤ ያላስቀመጡትን ጽሑፍ ይዞ ይጠፋል። አንድ ቀን የአንዲት ሴትዮ የውርስ ማመልከቻ ስድስት ገጽ ሞልቶ ሊያልቅ ሲል እንዳለ ጠፋብኝ። ሴትዮዋ ከቦሩ ሜዳ ነበር የመጡት፤ እንደገና ከሀ ጀምረው ነገሩኝ፣ እንደገና አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕግ አወጣሁ። አንድ ሥራ ብቻ ይከፈታል፣ ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል፣ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ሌላው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሕጉ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ባለጉዳይ ወንበር ስቦ ከጎኔ ይቀመጣል። ቃሉን እየነገረኝ ስክሪኑን ያያል። የፍቺ፣ የመሬት፣ የወንድማማች ጠብ እጽፋለሁ። የአንዱን ገመና ሌላው ማየት የለበትም፤ አማና ነው፣ አደራ። ስለዚህ በእኔ ቤት ሰው ሲገባ፣ በሌላ ማሽን ላይ የሚሠራም ቢኖር፣ የከፈተውን ሁሉ ወደ ታች ያወርዳል። በዚህ ዛሬም አላፍርም።

የማፍረው በሌላው ነው። ከጊዜ በኋላ አዲስ ማሽን ገዛሁ፤ ሃያ ነገር ቢከፈትበት የማይደክም። እኔ ግን ሕጌን አልለወጥኩም። ከደካማ ማሽን የተማርኩትን ልማድ ከአማናው ጋር ቀላቅዬ ምግባር ብዬ ጠራሁት። ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር የከፈተ ሰው ሳይ ልቡ የተበታተነ ይመስለኝ ነበር። ልጆቼንም በዚህ ገሠጽኳቸው። በእጁ የሠራ ሰው ልማዱን በቀላሉ አይለቅም፤ የተማረው በዋጋ ነውና ሁሉም እውነት ይመስለዋል።

ነገሩ የተፈጠረው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት ኮምቦልቻ መብራት ስለጠፋ ልጄ የቢሮውን ላፕቶፕ ይዛ ወደ ደሴ ወጣች። ባለቤቲቱ ቤትሽ ጨርሰሽ ሰኞ ጠዋት ይዘሽ ነይ ብላት ነበር። ቤት ውስጥ የተመቸ ጠረጴዛ ስለሌለ እኔ ራሴ ወደ ሱቅ ነይ አልኳት። ጥግ ላይ ቦታ ሰጠኋት።

ይዛ የመጣችው የሁለት ነጋዴዎች ሥራ ነበር። ሁለቱም የውኃ መሳቢያ ሞተር አስመጥተዋል፤ ከአንድ አገር፣ ከአንድ ሻጭ። ሻጩ የላከው ኢንቮይስ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ አናቱ ላይ ያለው ስምና ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ብቻ ይለያያሉ። የእሷ ሥራ ቁጥሮቹን ከየኢንቮይሱ እያነበበች በየነጋዴው ቅጽ ላይ መሙላት ነው፤ ስንት ካርቶን፣ ስንት ኪሎ፣ ኮንቴይነሩ ቁጥሩ ስንት።

ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ጨርሼ ዞር ስል ስክሪኗ ተከፋፍሎ አየሁት። በግራ በኩል ኢንቮይሱ ግማሹን ይዟል፣ በቀኝ ቅጹ ግማሹን ይዟል፣ ከታች ጥግ ላይ ትንሽ የሒሳብ ማሽን ተቀምጣለች። ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ትሞላለች፣ እጇ አይቆምም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ተቆጣሁ። ሁለት ቦታ የሚያይ ሁለቱንም አያይም አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሳትቆጣ፣ ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።

«አባ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሥራ አይደለም። አንድ ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ነው ሁለት የሆነው።»

ዛሬ ይህን ስጽፍ ከዚህ የተሻለ መልስ እንደሌለ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን በእኔ ጣሪያ ሥር በእኔ ሥርዓት ይሠራል ብዬ ዘጋኋት። አልተከራከረችኝም። አባቷ ነኝ። ኢንቮይሱን ስክሪኑ ሙሉ አደረገችው፣ ቅጹንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አንዱን ታያለች፣ ቁጥሩን በአፏ ትይዛለች፣ ወደ ሌላው ትገለብጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትመለሳለች። ከንፈሯ እንደ ዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰው ሲገባ ደግሞ እንደ ቤቱ ደንብ ሁሉንም ወደ ታች ታወርዳለች። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ የገባውን ሰው አልቆጠርኩትም። እሷም ስንት ጊዜ እንዳወረደችና መልሳ እንዳነሣች አላውቅም። ከነዚያ በአንዱ የሁለተኛውን ነጋዴ ኢንቮይስ አነሣች። ስክሪኑን ሙሉ ሲይዙ ሁለቱ አይለዩም። በመጀመሪያው ነጋዴ ቅጽ ላይ የሁለተኛውን ቁጥሮች ሞላች።

እዚህ ላይ ቢቆም የእሷ ስህተት ነው ማለት ይቻል ነበር። አልቆመም።

ከዙህር ሶላት ስመለስ ጨርሳ ነበር። ከማተሟ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ላመሳክር ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ማመሳከርስ እኔ አሳይሻለሁ አልኳት። በታይፕ ዘመን አንድ ሰው ከዋናው ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በግልባጩ ላይ እየተከተለ «ልክ» ይላል። በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት አንድ የፍርድ ቤት ወረቀት ተመልሶብኝ አያውቅም። ቅጹን አትማ በእጇ ያዘች። እኔ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ኢንቮይስ እሷ መጨረሻ የሠራችበት ነው፤ ያ የተሳሳተው። ዓይኔ ስለደከመ ፊደሉን አጎላሁት። አጎላሁትና አራት መስመር ብቻ ስክሪኑን ሞላው፣ አናቱ ከላይ ወጥቶ ጠፋ።

«አባ፣ መጀመሪያ ከላይ ስሙን ያንብቡልኝ» አለችኝ።

ስሙን ጠዋት አይተሽዋል፣ እኛ የምናመሳክረው ቁጥር ነው አልኳትና ጀመርኩ። ድምፄ ወፍራም ነው። ካርቶኑን አነበብኩ፣ ልክ አለች። ኪሎውን አነበብኩ፣ ልክ። የኮንቴይነሩን ቁጥር ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ ጠራሁ፣ ልክ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ባለጉዳዮች ነበሩ፤ አንደኛው አዛን እንደሚጠራ ሙዓዚን ነው የሚያነቡት ብሎ አሞገሰኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የተሳሳተውን ከተሳሳተው ጋር አመሳክረን ሁሉም ልክ ሆነ።

ሰኞ ያ የቢስቲማ ሾፌር ዕቃውን ከደረቅ ወደቡ ሊያወጣ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ኮንቴይነሩ ላይ ያለው ቁጥር አልገጠመም። ወረቀቱ እስኪታረም መኪናው እዚያው እንዲቆም ሆነ። ያስገባነው ወረቀት ታርሞ እንደገና መቅረብ ነበረበት፤ ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞም አለፈ። ልጄ ለእኔ አልደወለችም። ለእናቷ ደወለች።

ማክሰኞ እራት ላይ ሚስቴ ወጡን አቅርባ ከፊቴ ተቀመጠች። ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ባለቤቲቱ ልጅቷን በጣም እንደተቆጣቻት፣ ልጅቷም ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ብቻ እንደተናገረች። እኔ ቅዳሜ ዕለት ሁሉንም አንብቤ አመሳክሬላታለሁ፣ ስህተት ሊኖር አይችልም ብዬ መለስኩ። ሚስቴ ያነበብኩት ወረቀት አናቱ ላይ የማን ስም እንደነበር ጠየቀችኝ።

አናቱን አላየሁም ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ያቺ ልጅ ገደል የገባችው የአንተን እጅ ይዛ ነው። አሁንም ስምህን ሸፍና እያለቀሰች ነው።»

ወላሂ ያን ያህል ቀጥ ያለ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። እውነቱን ነገ ሄጄ እናገራለሁ አልኳት። ይህን ስል ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ለልጅህ ደውልላት አለችኝ። እውነት ለመናገር ፈቃድ አይጠየቅም ብዬ አልደወልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወረድኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ኮቴን አወለቅኩ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ ባለ ወንበር ሾፌሩ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ልጄ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ገባሁ።

ባለቤቲቱ የማን አባት እንደሆንኩ ስትረዳ ወንበር ሰጠችኝ። ለልጅዎ ሊለምኑ ከሆነ አይድከሙ፣ ምርመራውን ገና አልጨረስኩም አለችኝ። ልለምን አልመጣሁም፣ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ አልኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ስክሪኗን እንዳስለወጥኳት፣ እንዳጎላሁት፣ አናቱን አላነብም እንዳልኩ። አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ ቀሎኝ ነበር።

ባለቤቲቱ ግን ወደ ልጄ ዞረች።

«ሌላ ሰው ነክቶታል ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበረም?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ማንም አልነካውም አልኩ» አለች ልጄ፣ ጠረጴዛውን እያየች።

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። እሷ እኔን ልትሸፍን የዋሸችውን ውሸት እኔ መጥቼ ሰው ፊት ገለጥኩት። ባለቤቲቱ አልጨረሰችም። ሳነብ ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ባለጉዳዮች ነበሩ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ወይ ያነበብኩት አለች። አዎ አልኩ፤ ምን ልበል።

«አባቴ፣ ቁጥርስ ይታረማል» አለችኝ። «ደንበኛ አምኖኝ የሰጠኝ ወረቀት ሰው መሀል መነበቡን ምን ብዬ አርመዋለሁ?»

ስንት ዓመት ስለ አማና የሰበክሁት እኔ ነኝ። የአንድን ነጋዴ ንብረት፣ ስንት ዕቃ እንዳስገባና በየትኛው ሣጥን እንዳለ፣ በወፍራም ድምፄ ለገበያተኛ ጠርቼዋለሁ። የባለጉዳዮቼን ገመና እጠብቅ ነበር፤ ይሄኛው በቁጥር ስለተጻፈ ገመና አልመሰለኝም።

ሾፌሩ ሁሉንም እየሰማ ነበር። «አንባቢው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ ከበሩ። «ማሻአላህ፣ ድምፅዎ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ መኪናዬን አቆመው።» ባለቤቲቱ ሳትወድ ፈገግ አለች። እኔም ወደ እሱ ዞሬ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እሱ ግን ስህተቱን በዓይኔ ልየው፣ ሦስት ቀን የቆምኩበትን ነገር መልኩን እንኳ አላውቀውም አለ።

ባለቤቲቱ ለልጄ አሳዪያቸው አለቻት። ልጄ ሁለት ቁልፍ ተጫነች፤ ቅዳሜ ያነበብኩት ኢንቮይስ ወደ ግራ ሄዶ ግማሹን ያዘ። ሁለት ቁልፍ ደገመች፤ ቅጹ ቀኙን ያዘ። ሁለቱም አናታቸው ይታያል። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ቁጥሩ ወርጄ መፈለግ ጀመርኩ። ሾፌሩ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ አለ። ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፤ እንግሊዝኛውን ጨርሶ አያውቀውም።

«እነዚህ ሁለቱ ከላይ ያለው ጽሑፍ አይመሳሰልም» አለ። «አንዱ ረጅም ነው አንዱ አጭር።»

ስሞቹ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ንባብ ያላገኘሁትን እሱ በርዝመት ለየው።

ባለቤቲቱ ዙህር ሳይደርስ ፍርዷን ሰጠች፤ ሳትጮህ ነው። ልጄ አትባረርም። የሙከራ ጊዜዋ ግን አንድ ወር ይጨመርበታል፣ ያም ያለ ደመወዝ ነው፤ ለስህተቱ ሳይሆን ለውሸቱ ነው አለች። ወረቀት ከቢሮ ዳግመኛ ከወጣ የመጨረሻዋ ይሆናል። ዕቃው ለቆየበት ለደረቅ ወደቡ ግቢ የሚከፈለውን ራሴ እከፍላለሁ፣ ሥራውን ቤትሽ ጨርሺ ያልኩት እኔ ነኝና አለች። የመኪናውን ቆሞ መዋል እኔ እከፍላለሁ አልኩ። ሾፌሩ የአንዱን ቀን ለአላህ ትቼዋለሁ ብሎ የሁለቱን ቀን ብቻ ተቀበለኝ። ዕቃው ያን ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣ።

ልጄ እስከ መኪና መናኸሪያው ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው፣ እውነቱን ሸሽገሽ ባትዋሺ ኖሮ ብዬ ጀመርኩ፤ ተግሣጽ ከአፌ አይጠፋም። አቋረጠችኝ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

«አባ፣ መናገርዎ ልክ ነው። ግን ማታ ቢደውሉልኝ ኖሮ ጠዋት ራሴ እነግራት ነበር። የእኔን እውነት እርስዎ ተናገሩብኝ።»

የሚኒባሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ፣ ገባሁ።

ወርጄ የተማርኩትን ለሚጠቅመው ልጻፍ። ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላ የሚገለበጥ ሥራ ሲሆን፣ የሚነበበው በግራ፣ የሚጻፈው በቀኝ ይሁን፤ ዓይን የሚሄደው በዚያ መንገድ ነውና። ሁለቱም አናታቸው እንዲታይ ፊደሉን ሳታበዛ አጉላ፤ ዓይንህ ከደከመ መነጽር ግዛ። አልፎ አልፎ የምትፈልጋት ትንሽ ነገር ከታች ጥግ ትቀመጥ። የሌላ ሰው ሥራ ግን ጨርሶ ይዘጋ፤ ከታች ወርዶ መቀመጡ አይበቃም። ከሕጌ ውስጥ ይህች አንዷ ብቻ እውነት ነበረች፤ እሷንም በዚያ ቅዳሜ እኔው አልጠበቅኋትም፣ የሁለቱን ነጋዴዎች ወረቀት ባንድነት ክፍት አስቀርቻለሁ። ሁለት ወረቀት የሚፈልገውን አንዱን ሥራ ለያየሁት፣ መለየት የነበረባቸውን ሁለት ሥራዎች ደግሞ አብሬ ተውኩ። በሱቄ ማሽን ላይ አሁን የባለጉዳዩን መታወቂያ በግራ፣ ማመልከቻውን በቀኝ እከፍታለሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውም የራሱን ስም በሁለቱም ላይ እያየ ያርመኛል። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ ይል ነበር።

ልጄ ወሩን ጨርሳ ተቀጠረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ሥራዋን ግን እኔ ዘንድ ይዛ መጥታ አታውቅም፣ እኔም ነይ አላልኳትም።

ሾፌሩ ለአላህ የተወው የአንድ ቀን ሦስት ሺህ ብር፣ እኔ የከፈልኩት የሁለት ቀን ስድስት ሺህ፣ ባለቤቲቱ ለግቢው የከፈለችው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ፣ የልጄ የአንድ ወር ደመወዝ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ ሱቄ የተዘጋበትና የመሳፈሪያው ሰባት መቶ ሠላሳ፤ የዚያች ቅዳሜ ዋጋ ባንድ ላይ አሥራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ብር።